ህመምን ማን ይለካዋል? የካንሰር ሕሙማን ቃል፣ የእጅ ስልክና የማስታገሻ ሕክምና በወላይታ

የፊዚክስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሚማራቸው ነገሮች ቀዳሚው መለካት ነው። ርዝመት በሜትር፣ ጊዜ በሰከንድ፣ ሙቀት በኬልቪን ይለካል። የመለኪያው ትክክለኛነት የሚረጋገጠውም ይበልጥ ከታመነ ሌላ መለኪያ ጋር በማስተያየት ነው። ከሰው ልጅ ጋር እጅግ የተቆራኘ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያልተሠራለት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ህመም ነው። የካንሰር እብጠት በሲቲ ስካን ታይቶ መጠኑ በሚሊ ሜትር ይነገራል። እብጠቱ የሚያደርሰው ሥቃይ ግን በየትኛውም ፊልም ላይ አይታይም። የህመም መለኪያው ራሱ ታማሚው ነው፤ ንባቡም የሚገኘው ታማሚውን በመጠየቅ ብቻ ነው።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ መለካት፣ ምልክትን ማስተላለፍና ምልክትን ከጫጫታ መለየት የሙያችን ጉዳዮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄም በሕክምናና በእነዚህ ጉዳዮች መካከል የሚገኝ ነው። ይኸውም፦ ከበሽታው የመዳን ተስፋው የመነመነ የካንሰር ታማሚ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚሰጠው መረጃ በእጅ ስልክ አማካኝነት ለሕክምና ባለሙያ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? በወላይታ ዞን ሁኔታስ ምን ያስፈልገዋል?

አንዲት እናት በቀጠሮ ቀን

ለምሳሌ ያህል ከሶዶ ከተማ ራቅ ባለች የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት የስድሳ ዓመት እናት እናስብ። የጡት ካንሰራቸው ወደ አጥንት ተዛምቷል። በወር አንድ ቀን ከልጃቸው ጋር ሆነው ወደ ሶዶ ይመጣሉ። ከመነሳታቸው በፊት መንገዱ እንዳይከብዳቸው የማስታገሻ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ የተሻለውን ልብሳቸውንም ይለብሳሉ። ሐኪሙ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ብለው ይመልሳሉ። ሐኪሙም በካርዳቸው ላይ «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል።

እኚህ እናት አልዋሹም። በባህላችን ለሰላምታ የሚሰጠው መልስ ምስጋና እንጂ የህመም ዘገባ አይደለም። ሐኪሙም አልሰነፈም፤ ከደጅ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ሆኖም ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያሳደሩአቸው ህመሞች በዚያ ካርድ ላይ የሉም። ችግሩ የሰዎቹ ሳይሆን የአለካኩ ነው።

ማስታገሻ ሕክምና ስንል

ባለሙያዎች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት የማስታገሻ ሕክምና ዓላማው በሽታውን ማጥፋት ሳይሆን ታማሚው የቀረውን ዕድሜ ያለ ሥቃይና በክብር እንዲኖር ማድረግ ነው። የዘመናዊው አሠራር መነሻ ተደርጋ የምትጠቀሰው እንግሊዛዊት ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን መሠረተች። የታማሚው ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም መሆኑን በማሳየት «አጠቃላይ ህመም» የሚለውን አስተሳሰብ ያስተማረችውም እርሷ ናት።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት እየላከ ይህን አገልግሎት ከጀመሩት ድርጅቶች አንዱ ነው። ፍላጎቱ ግን ከአቅርቦቱ እጅግ የሰፋ ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት 80 ሺህ ገደማ አዳዲስ የካንሰር ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም በዚሁ በሽታ ይሞታሉ። ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በስተቀር በሌላ ቦታ አይሰጥም ነበር። የወላይታ ታማሚም ለካንሰር ሕክምና ወደ ሐዋሳ ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። የመጨረሻዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ በቤተሰቡ መካከል ነው። ስለዚህ የማስታገሻ ሕክምና ጥያቄ በአብዛኛው ከሆስፒታል ውጭ ያለ ጥያቄ ነው።

አምስት ጣቶች

ህመም በመሣሪያ ባይለካም መጠየቂያ ተዘጋጅቶለታል። በአፍሪካ የሚታወቀው የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ አሥር ብቻ ናቸው። ሰባቱ ለታማሚው የሚቀርቡ ሲሆኑ ስለ ህመም፣ ስለ ሌሎች የበሽታ ምልክቶች፣ ስለ ጭንቀት፣ ስሜትን ለሌላ ሰው ስለ ማካፈል፣ ሕይወት ትርጉም ያለው ሆኖ ስለ መታየቱ፣ ስለ ውስጣዊ ሰላምና ለወደፊቱ ለማቀድ ስለሚገኝ ምክር ይጠይቃሉ። ሦስቱ ደግሞ ለአስታማሚው ቤተሰብ ናቸው። መልሱ ከ0 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይሰጣል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም በአንድ እጁ ጣቶች ሊያሳየው ይችላል።

«ደህና ነኝ» ያሉት እናት «ባለፉት ሦስት ቀናት ከነበረብዎት ህመም የከፋው ስንት ጣት ይሆናል?» ተብለው ቢጠየቁ አራት ጣት ሊያነሱ ይችላሉ። ጥያቄው ከሰላምታነት ወጥቶ መለኪያ ሆኗልና።

እርግጥ ነው ቁጥር ብቻውን ሁሉን አይናገርም። አማርኛችን «ያቃጥለኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ይቆረጥመኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» እያለ የህመምን ዓይነት ይለያል። ይህ ልዩነት ለሐኪም ዋጋ አለው። የሚያቃጥልና የሚነዝር ህመም ብዙ ጊዜ የነርቭ ጉዳት ምልክት ስለሚሆን ከተለመደው ማስታገሻ ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል። ወላይትኛም ለዚህ የራሱ ቃላት አሉት። ስለሆነም መጠይቁን ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም፤ ሕሙማኑ ራሳቸው በየትኛው ቃል እንደሚጠቀሙ አስቀድሞ ማዳመጥ አለበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በዚህ መጠይቅ ለህመም 5 እጅግ መጥፎ ሲሆን ለውስጣዊ ሰላም ግን 5 ጥሩ ነው። ቁጥሮቹን በጭፍን የሚደምር የኮምፒውተር ፕሮግራም ያልታሰበ ስሕተት ውስጥ ይገባል።

የናሙና ሕግ

በፊልም ላይ የሚሽከረከር የመኪና ጎማ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየን ለምንድን ነው? ካሜራው ጎማውን የሚያነሳው በየተወሰነ ቅጽበት ስለሆነ ነው። የማንሻው ፍጥነት ከጎማው ፍጥነት ጋር ካልተመጣጠነ የምናየው እንቅስቃሴ የተሳሳተ ይሆናል። በናይኲስትና በሻነን ስም የሚጠራው የናሙና ሕግ እንደሚያስተምረው የሚለዋወጥን ምልክት በትክክል ለማወቅ ከምልክቱ ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በሳምንት የሚለዋወጥን ነገር በወር አንድ ጊዜ የሚመለከት ሰው ከማወቅ ይልቅ ሊሳሳት ይችላል።

የእናታችን የቀጠሮ ቀን ይኸው ነው። መድኃኒታቸውን ወስደው ስለሚመጡ ሐኪሙ የሚያያቸው ዘወትር በተሻለው ሰዓታቸው ነው። ቶሎ የሚሠራ የሞርፊን ግማሽ ዕድሜ በሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ በመሆኑ በአፍ ሲሰጥ በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል። ጨረር ለመስጠት የሚያገለግለው የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ ግን 5.27 ዓመት ነው። ለኮባልቱ በወር አንድ ልኬት ሊበቃ ይችላል፤ መጠኑ በሰዓታት ለሚወጣና ለሚወርድ ህመም ግን አይበቃም። ስለዚህ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ያለውን ጊዜ የሚሞላ መንገድ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ የሚቀርብ ጥያቄ የለውጡን አዝማሚያ ያሳያል። ለድንገተኛ ህመም ደግሞ ታማሚው ሳይጠየቅ ራሱ የሚጠራበት በር ክፍት መሆን አለበት።

ሌሎች ምን አዩ?

ይህ በምርምር የተፈተነ ሐሳብ ነው። በኒው ዮርክ በሚገኘው የመሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ኢታን ባሽና ባልደረቦቹ ካንሰራቸው የተዛመተ 766 ሕሙማንን በዕጣ ከፈሏቸው። የአንደኛው ቡድን ሕሙማን 12 የተለመዱ ምልክቶችን በኮምፒውተር አማካኝነት ራሳቸው ሪፖርት ሲያደርጉ ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት የኑሮ ጥራታቸው የተሻሻለላቸው ሕሙማን ሪፖርት ካደረጉት 34 በመቶ፣ ከሌሎቹ 18 በመቶ ነበሩ። በ2017 ደግሞ የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታቸው 31.2 ወር ከ26.0 ወር ጋር ሲነጻጸር ብልጫ እንዳለው ተገለጠ። ኋላ ግን በ52 የሕክምና ተቋማት 1,191 ሕሙማንን ያሳተፈው ሰፊ ጥናት የምልክቶች ቁጥጥርና የኑሮ ጥራት መሻሻልን ሲያረጋግጥ የዕድሜውን ብልጫ አልደገመውም። ከዚህ የምንማረው ዘዴው ዕድሜ ያራዝማል ብለን ቃል መግባት እንደማይገባን ነው። ሥቃይን እንደሚቀንስ ግን በቂ ማስረጃ አለ።

በአፍሪካም በዩጋንዳ፣ በናይጄሪያና በዚምባብዌ በማስታገሻ ሕክምና ላይ ያሉ የካንሰር ሕሙማን ስለ ራሳቸው የሚሰጡትን መረጃ በስልክ መሰብሰብ የሚቻልበትን መንገድ ተመራማሪዎች ሕሙማንን፣ አስታማሚዎችንና ባለሙያዎችን በመጠየቅ አጥንተዋል። ጥያቄው ከእኛ በር ርቆ የሚገኝ አይደለም።

በወላይታ ምድር ላይ ሒሳቡ

«በገጠር ኢንተርኔት በሌለበት ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲህ እናስላ። ሰባት ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ስድስት አማራጭ መልሶች ካሉ ሊሰጡ የሚችሉት መልሶች ብዛት ስድስት ሰባት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 279,936 ይሆናል። ይህን ለመመዝገብ 19 ቢት ይበቃል። አንድ አጭር የስልክ መልእክት 1,120 ቢት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ታማሚ በየሳምንቱ የሚሰጣቸው የ52 ሳምንት መልሶች በሙሉ በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ ይገባሉ! በዘመናዊ ስልክ የምንቀባበለው አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ትበልጣለች። የሥቃይ መረጃ በመጠኑ ትንሽ ነው።

በጽሑፍ መልእክት ስንልክ ግን ሌላ ነገር ይገጥመናል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 160 ፊደላት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው 70 ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ለእያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ ነው። በአማርኛ የሚላክ ጥያቄ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት ማለት ነው። ዛሬ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ወላይትኛ በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ ቦታ አለው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ድምፅ ይሻላል። ስልኩ ጠርቶ በወላይትኛ ጥያቄውን በድምፅ ካሰማ በኋላ ታማሚው አንድ ቁጥር ይጫናል። እንዲህ ያለው አሠራር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የእርሻ ምክር በድምፅ ሲያደርስ ቆይቷል።

የመሬቱ አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የስልክ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተራራ ጀርባ ብዙም አይታጠፍም። ከሶዶ በላይ የሚታየው የዳሞታ ተራራም ሆነ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርዱት ሸለቆዎች ሞገዱ የማይደርስባቸው ጥላዎች ይፈጥራሉ። የድምፅ ጥሪ የማይቋረጥ ግንኙነት ይፈልጋል። አጭር መልእክት ግን በማዕከሉ ተቀምጦ ስልኩ ወደ ሞገዱ ክልል እስኪመለስ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለቱንም መንገዶች አጣምሮ መጠቀም ይበጃል።

መልሱን የሚሰጠው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው የቀላሉን ክፍል ነው። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ምጣድ ላይ የተቀመጠች ጋጋሪ የምጣዱን ሙቀት ታውቃለች። ይሁን እንጂ እንጀራው የሚያምረው ስላወቀች ሳይሆን ሲበርድ እንጨት ስለምትጨምር፣ ሲግል ስለምትቀንስ ነው። እጇን የታሰረች ጋጋሪ እንጀራው ሲያር ከመመልከት በቀር ምንም አታደርግም። ያለ ምላሽ የሚሰበሰብ የህመም ቁጥርም እንዲሁ ነው። በኒው ዮርኩ ጥናት ከሕሙማኑ ለደረሱት ማስጠንቀቂያዎች ነርሶቹ በ77 በመቶው ላይ አንድ ተጨባጭ ርምጃ ወስደው ነበር፤ ደውለው መክረዋል፣ መድኃኒት እንዲታዘዝ ወይም እንዲቀየር አድርገዋል። ሕሙማኑን የጠቀማቸው ኮምፒውተሩ ብቻውን ሳይሆን ይህ ርምጃ ነው።

በወላይታ ማን ይመልሳል? እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የጤና ባለሙያዎችን አሰማርቷል። ቤት ለቤት የሚሄዱትና የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ለሥራቸውም ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል። ሆኖም ሞርፊን በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት በመሆኑ እነርሱ ሊያዙት አይችሉም። ስለዚህ ከቀበሌዋ ባለሙያ እስከ ጤና ጣቢያው ነርስ፣ ከዚያም በሶዶ እስካለው ሐኪም የሚደርስ ሰንሰለት መኖር አለበት።

በሰንሰለቱ መጨረሻ ደግሞ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን በሞርፊን ስሌት ከተለካ የህመም ማስታገሻ ለዝቅተኛ ገቢ ሀገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አስታውቋል። ችግሩ የማይፈታ እንዳልሆነ ግን ዩጋንዳ አሳይታለች። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በመሠረተችው ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ የሞርፊን ዱቄት በውኃ እየተበጠበጠ፣ ጥንካሬው በቀለም እየተለየ በርካሽ ይቀርባል። በ2004 ደግሞ ሀገሪቱ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች።

ምስጢር በጋራ ስልክ

አንድ ሌላ ጉዳይ ሳናነሳ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። በገጠር ቤት ስልኩ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም፤ ልጅ ይዞት ገበያ ይወጣል፣ ጎረቤትም ይዋሰዋል። በብዙ ቤተሰብም የካንሰሩ ስም ለታማሚው አይነገርም። «የካንሰር ታማሚ ነዎትና ህመምዎን ይንገሩን» የሚል መልእክት በተሳሳተ እጅ ቢወድቅ፣ ወይም ለታማሚው ባልተጠበቀ ሰዓት ቢደርስ ቤተሰቡ ያልተዘጋጀበትን ሐዘን ያመጣል። ስለሆነም መልእክቱ የበሽታውን ስም መጥራት የለበትም። በማን ስልክ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠየቁም ታማሚው አስቀድመው ሊስማሙበት ይገባል። ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። የጤና መረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

ከየት ይጀመር?

በእኛ አስተያየት ሥራው ከስልኩ ሳይሆን ከምላሹ ሊጀመር ይገባል። ማንኛውም ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ ታማሚው 4 ወይም 5 ጣት ያህል ህመም እንዳለበት ሲናገር ቁጥሩ ለማን ይደርሳል? በስንት ሰዓት ውስጥ ይደወልለታል? የሚደውለው ሰው ምን ለማድረግ ሥልጣን አለው? መድኃኒቱስ በየትኛው ፋርማሲ ይገኛል? እነዚህ መልስ ካገኙ በኋላ በጥቂት ሕሙማንና በአንዲት ወረዳ በሙከራ መጀመር ይቻላል። የሕክምና ትምህርት ክፍሉ መጠይቁን፣ የቋንቋ ትምህርት ክፍሉ ትርጉሙን፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ ፕሮግራሙን፣ እኛም የመለካቱንና የስሕተት ትንተናውን ድርሻ ልንይዝ እንችላለን። የሙከራው ውጤት የሚመዘነውም በተሰበሰቡት መልእክቶች ብዛት መሆን የለበትም፤ ከፍተኛ ህመም ከተነገረበት ሰዓት አንሥቶ ህመሙ እስከ ቀለለበት ሰዓት ባለው የጊዜ ርዝመት ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እውነት ነው። ታማሚውን በሽታውን እንዲናገር የምንጠይቅ ከሆነ ግን ከእኛም የሚጠበቅ ነገር አለ። ያቺ እናት በሌሊት ቁጥሩን ተጭነው፣ አምስት ጣት ብለው ከተናገሩ በኋላ ማንም ሳይደውልላቸው ቢነጋ ባንጠይቃቸው ይሻል ነበር። ጥያቄ መላክ የጀመረ ሁሉ መልስ የመስጠት ዕዳ እንደገባ ይወቅ።